ሱሪው የተቀደደው ስፌቱ ላይ ነው ጨርቁ ላይ?

ሰው ለምን እንደሚካሰስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤያለሁ። ዕድሜ ለጉልበቴ፣ ከቤት አላስወጣም ብሎ ካስቀመጠኝ ወዲህ ከማሰብ በቀር ሌላ ሥራ የለኝም። እናንተ፣ ሰው የሚካሰሰው ስለተበደለ ይመስላችሁ ይሆናል። የተበደለ ሰውማ ሞልቷል፤ አብዛኛው አኩርፎ፣ ለጎረቤት አውርቶ፣ ጥቂት ሌሊት አልጋው ላይ ተገላብጦ ይወጣለታል። ዳኛ ፊት የሚሄደው ሌላው ዓይነት ነው፤ "አንተ ልክ ነህ" የምትለዋን ቃል በሰው ፊት፣ ከዳኛ አፍ ካልሰማ እህል የማይዋጥለት። ቃሏ አጭር ናት። ዋጋዋ ግን አይጣል ነው።

በቀደም የልጅ ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ተባረረችና ልክሰስ ብላ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። ለጠበቃው፣ ለመዝገቡ፣ ለግልባጩ፣ ለምስክሮቹ መመላለሻ የሚወጣውን ስትዘረዝርልኝ ሳቄ አመለጠኝ። ተቀየመችኝ፤ እስካሁንም ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምታመጣልኝ። እኔ ግን የሳቅሁት በእሷ አልነበረም። ሌላ ክስ ትዝ ብሎኝ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ እኔ ራሴ አሠሪዬን ከስሼ ነበር፤ በአንድ ሱሪ ምክንያት።

ያኔ ካሴ የምባል ጎረምሳ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አሠሪዬ ሐጂ ኑርዬ ይባላሉ። ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው፤ ጨርቁን እሳቸው ከውስጥ ይሸጣሉ፣ እኔ በረንዳው ላይ በስፌት መኪና እሰፋለሁ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ጨርቅ የሚለኩት በገዛ ክንዳቸው ነው፤ ክንዳቸው ረዥም ስለሆነ ገበያተኛው እሳቸው ዘንድ መግዛት ይወዳል፤ ለክተው ሲጨርሱ ደግሞ "ይቺ የአላህ ናት" ብለው አንድ ጣት ያህል ይጨምራሉ። ውላችን በጎረቤት ፊት የተደረገ የቃል ውል ነበር። ከመስከረም እስከ መስከረም እሠራለሁ፤ ደመወዜ በየወሩ፣ ቀለቤ ከሳቸው፣ ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ ከጥሩ ጨርቅ የተሰፋ ሙሉ ልብስ።

ጊዜው መቼም ክፉ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን ይዟል፤ ገጠሩ በአርበኛ እጅ ነው፤ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማታ ስለመመለሱ እርግጠኛ አይደለም። ግን ሰው በክፉ ጊዜም ልብስ ያሰፋል፣ ይዳራል፣ ይሥቃል። እንዲያውም የዚያን ጊዜው ሳቅ ከአሁኑ የሚጣፍጥ ይመስለኛል፤ ተሰርቆ የሚሳቅ ስለነበረ ይሆናል።

ከጣሊያን ጋር ገብተው ማዕረግ ካገኙት አንዱ፣ እኛ ሹምባሹ የምንለው ሰው፣ በሁዳዴ ጾም መጥቶ ተነፋነፍ ሱሪ አዘዘ። ያኔ አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን ስለማይሰማኝ አንተ እለዋለሁ። ተነፋነፍ መቼም ታውቃላችሁ፤ ከጭኑ ተንቦርቅቆ ከጉልበት በታች ጥብቅ የሚል፣ በቅሎ ላይ ሲወጡበት ማንንም ሰው ትልቅ ሰው የሚያስመስል ሱሪ ነው። ልኩን ወሰድኩ፣ ሰፋሁ፣ ልክክ አለለት። ችግሩ፣ እሱ ሱሪውን ለፋሲካ ብሎ አስቀመጠው። እኔ የለካሁት በጾም ነው፤ እሱ የለበሰው በፍስክ። በመካከሉ ስንት ዶሮ እንዳለፈ እኔ ምን አውቄ።

የፋሲካ ሰሞን፣ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሹምባሹ አዲሱን ሱሪ ለብሶ ከሱቃችን ደጃፍ በቅሎ ላይ ሊወጣ እግሩን አነሣ። አዲስ ካኪ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? ረዥም ነው። አለቀ ሲሉት ይቀጥላል። ገበያው መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ቅቤ ሻጭ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ ጎረቤቷ፤ ከዚያ የበርበሬው ተራ፣ የጨው ተራ፣ የጌሾ ተራ። ጣሊያን ከገባ ጀምሮ የደብረ ታቦር ገበያ እንደዚያ ባንድነት ሲስቅ አላየሁም።

ሹምባሹ በጋቢ ተጠቅልሎ ሄደ። ሲሄድ ወደ ሱቁ ዘወር ብሎ ሐጂን አየት አደረጋቸው። ያ አስተያየቱ ነበር የከፋው። በማግሥቱ ሐጂ ጠሩኝና፣ ስፌትህ አዋርዶኛል፣ ሂድ አሉኝ። ዓመቱ አልሞላም አልኳቸው። ሂድ አሉኝ። ልብሴስ አልኩ። የሰው ሱሪ አበላሽተህ ልብስ ትጠይቃለህ ወይ አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ደመወዙ ይቅር፤ ልብሱም ይቅር። ግን የካሴ ስፌት ተለቀቀ የሚል ወሬ ገበያ ለገበያ ከዞረ፣ ከጋይንት እስከ ፎገራ ማን መርፌ ያስይዘኛል? የእኔ ስፌት ደግሞ አልተለቀቀም። የለቀቀው ጨርቁ ነው። ይህን ብናገር ደግሞ የሐጂ ጨርቅ ስሙ ይጠፋል። እንግዲህ ወይ የእኔ ስም፣ ወይ የሳቸው ስም። ከሁለት አንዳችን መዋረድ ነበረብን፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ይሁኑ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጣሊያኖቹ ከተማው ውስጥ ወደከፈቱት ቢሮ ነበር። በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ካልተከፈለው ብዕሩ ቀለም አይነካም። ማመልከቻው ማኅተም ይፈልጋል። ማኅተሙ አስተርጓሚ ይፈልጋል። አስተርጓሚው ምሳ ይፈልጋል። በመጨረሻ ሹሙ ፊት ስቀርብ፣ አስተርጓሚው ነገሬን እየተረጎመ ሳለ እጁን ወደ ኋላው ወስዶ መቀደዱን ሲያሳይ አየሁት። ጣሊያኑ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ፤ አስተርጓሚው ሳቀ፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛም ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። ሳቃቸው ሲያልቅ፣ ይህ የአገሬው ጉዳይ ነውና ወደ አገሬው ዳኛ ሂድ ተባልኩ። ለዚህች ምክር የእናቴ ዶሮዎች አልቀውባታል።

የአገሬው ዳኛ ግራዝማች ወርቁ ይባላሉ። ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን ተሂዶ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ነው የሚያስችሉት። አባታቸውም ከዚያው ዋርካ ሥር ፈርደዋል። ጣሊያንም አርበኛም አልነካቸውም፤ ሁለቱም ወገን ከሚስቱና ከጎረቤቱ ጋር የሚሟገትበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ይመስለኛል።

በዚያን ጊዜ ደንብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል። ፖሊስ የለ፣ መጥሪያ የለ፤ ቋጠሮው ነው መጥሪያው። መንገድ ላይ የፈታ ሰው እንደተረታ ይቆጠራል። አንድ ጠዋት ሐጂን በሱቃቸው ደጃፍ፣ በሰው ፊት፣ በሕግ ያዝኳቸውና ነጠላቸውን ከነጠላዬ ቋጠርኩት። ከዘራቸውን ያዙና ወጣን።

ከጠላታችሁ ጋር ተቋጥራችሁ መንገድ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሐጂ ባለ ረዥም እግር ናቸው፤ እኔ አጭር ነኝ። እሳቸው ሲራመዱ እኔ እሮጣለሁ፤ እኔ ስዘገይ እሳቸው ወደ ኋላ ይሳባሉ። መንገደኛው ሁሉ ቋጠሮውን እያየ ያስቆመናል። ነገሩ ምንድን ነው ይላል፤ ስንነግረው እዚያው እንደቆመ ይፈርዳል፤ አንዱ ለእኔ፣ ሌላው ለሳቸው። ፍርዱን ሲጨርስ ስንቃችንን ይቀምሳል። ዋርካው ሳንደርስ ቆሎው አለቀ።

ቀትር ላይ የሐጂ የስግደት ሰዓት ደረሰ። ቋጠሮውን መፍታት አይቻልም፤ ስግደቱንም መተው አይቻልም። ጥቂት አሰቡና፣ "ካሴ፣ እኔ ዝቅ ስል አብረህ ዝቅ በል፤ አለዚያ አንገቴን ታንቀዋለህ" አሉኝ። ምንጭ ዳር ቆምን፤ ውሃ እየጨለፍኩ አስታጠብኳቸው። ሲያጎነብሱ አጎነበስኩ፤ ሲነሡ ተነሣሁ፤ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ፈጣሪ በአንድ ቋጠሮ ከሁለት በኩል ስንጠራው ምን እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ኩርፊያዬን ብፈልገው አጣሁት።

ሐጂም ሳይሰማቸው አልቀረም መሰለኝ፣ ሲጨርሱ ሣሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ "ስፌትህ ጥሩ እንደነበረ አውቃለሁ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን አባረሩኝ?"

"ሰውዬውን ፈርቼ ነው። አጥፊ ካልተሰጠው ሱቄን ያዘጋዋል። አንተ ወጣት ነህ፣ የትም ትሠራለህ፤ እኔ የማበላቸው ልጆች አሉኝ።"

ይህንኑ ዳኛው ፊት ይናገሩልኝ አልኳቸው። እዚያ ከተናገሩት ከተማ ሳይመለሱ ሹምባሹ ዘንድ እንደሚደርስ ነገሩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ "አገር በሙሉ ዳኛ አጥቶ፣ እኛ ለሱሪ ዳኛ ፍለጋ እንሄዳለን" አሉ። ሳቅን። ሳቅን እንጂ ግን አልተመለስንም። እኔ ስሜ እስኪመለስ ክሴን አልተውም፤ እሳቸው ሹምባሹ እስኪበርድለት ክደታቸውን አይተዉም። ከዚያች ምንጭ በኋላ የተካሰስነው እየተዋደድን ነው።

ዋርካው ሥር እንደደረስን ሁለት ሰዎች ከጥላው ብድግ ብለው ተቀበሉን። አያ ጎበዜና አያ ደርሶ ይባላሉ፤ ጠበቆች ናቸው። ቋጠሯችን ሳይፈታ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የሐጂ ሆነው ተገኙ። እኔ ለአያ ጎበዜ ቅቤ ላመጣለት ተስማማሁ፤ ሐጂ ለአያ ደርሶ ጤፍ።

ዛሬ እሰጥ አገባ ስትሉ ጭቅጭቅ ማለታችሁ ነው። ያኔ ግን ቃሉ እንዳለ ነበር የሚሠራው። ተሟጋቹ ነገሩን ለማጠንከር፣ ይህ ሐሰት ቢሆን ማር እሰጥ ይላል፤ ሌላው በበኩሉ በግ ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ የተረታው ወገን በስሙ የተጠራውን ሁሉ ለዳኛው ያስገባል። አያ ጎበዜ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ቸክሎ ተነሣ። የካሴ ስፌት ተፈትቶ እንደሆነ ማር እሰጥ አለ። ደስ አለኝ፤ እንደሱ አድርጎ ስሜን የጠራልኝ ሰው አልነበረም። አያ ደርሶ በግ ጠራ። አያ ጎበዜ ወይፈን ጠራ። አያ ደርሶ ፈረስ ሲል፣ የእኔው በቅሎ አለ። በቅሎ የለኝም ብዬ ልብሱን ሳብኩት። ዞር ብሎ፣ ዝም በል፣ እያሸነፍን ነው አለኝ። ሐጂም በበኩላቸው የአያ ደርሶን እጅጌ ይዘው ሲጎትቱ አየሁ፤ ሰውዬው የሐጂን ሱቅ ሊጠራ አፉን ከፍቶ ነበር።

ግራዝማች ዓይናቸውን ከድነው የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ተኝተዋል ስትሉ ይጠይቃሉ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ሱሪው የተቀደደው ስፌቱ ላይ ነው ጨርቁ ላይ?" አሉ። ሁለቱም ጠበቆች ባንድ ጊዜ መለሱ፤ አንዱ ጨርቁ፣ አንዱ ስፌቱ። እንግዲያው ሱሪው ይምጣ፣ ሳላይ አልፈርድም አሉና ቀጠሮ ሰጡ።

የሹምባሹን ሱሪ ማን ሄዶ ይጠይቃል? መልእክተኛ ተቀጠረ። መልእክተኛ ስንቅ ይፈልጋል። ስንቁን ይዞ ሄደ፣ የሹምባሹን ቤት ከሩቅ አየና ስንቁን ጨርሶ ተመለሰ። ሌላ ቀጠሮ ሆነ። በየቀጠሮው ደግሞ ችሎቱ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ይበላሉ፤ የሚያበሉት ባለጉዳዮቹ ናቸው። የእኔ ዕድል ሆኖ የከሰስኩት ከፋሲካ በኋላ ባለው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሰሞን ነው። ትንሽ ታግሼ በሰኔ ጾም ብከስ ኖሮ በሽሮ እገላገል ነበር። በዚያ ላይ ክርስቲያን ያረደውን የሐጂ ወገኖች አይበሉም፤ ሙስሊም ያረደውን የእኔ ወገኖች አይበሉም፤ ስለዚህ ለአንድ ቀጠሮ ሁለት በግ ይታረዳል። እስቲ ፍረዱ፤ በሰው ሱሪ በጎቹ ምን አደረጉ?

እናቴ የቅቤ ቅሏን ገልብጣ አየችና፣ "ልጄ፣ ይህ ክስ ሳታሸንፍ ቢያልቅልን ይሻላል" አለችኝ። የመጨረሻውን ቅቤ ተሸክሜ አያ ጎበዜ ቤት ሳደርስ፣ ማን ምድጃው ዳር ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? አያ ደርሶ። ወንድማማቾች ናቸው፤ ያንድ እናት ልጆች፤ የሚኖሩትም አንድ ቤት ነው። አልደነገጡም፣ አልተደበቁኝም። አረፍ በልና ብላ አሉኝ። የሐጂን ጤፍ እንጀራ በእኔ ቅቤ ጠቅሰው አጎረሱኝ። በላሁ። ምን ልደብቃችሁ፣ ጥሩ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ መንገድ ላይ ለሐጂ ስነግራቸው፣ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ስለተቋጠርን እኔም ቆምኩ። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ አሰብነው። ለዚህ ክስ እሳቸው ያወጡት ደመወዜንም ልብሴንም ደጋግሞ ይከፍል ነበር። እኔም ያወጣሁት፣ ብረታ ከማገኘው በልጧል። ታዲያ እንተወው ተባባልን። መተው ግን አይቻልም። ክሱን የተወ ሰው እንደተረታ ነው፤ የተረታ ሰው ደግሞ ማሩን፣ በጉን፣ ወይፈኑን፣ በቅሎውን ያስገባል። ስንጀምረው አፍ ብቻ የበቃው ነገር፣ ለመተው በቅሎ ጠየቀን። ተያይዘን መሄዳችንን ቀጠልን።

የዚያን ቀን ሰማዩ ከብዷል፤ የመጀመሪያው የክረምት ደመና ነው። ጠበቆቻችን ምሳቸውን እያሰቡ ሲሟገቱ፣ በሐሙሲት በኩል በሚመጣው መንገድ በቅሎ የተቀመጠ ሰው ብቅ አለ። ሹምባሹ ነው። ተነፋነፉን ለብሶታል። ሐጂ ሳያውቁት የነጠላዬን ጫፍ ጨብጠው ኖሮ ወደሳቸው ሳቡኝ። እኔም አልተሳብኩም አልልም፤ ራሴ ተጠጋሁ።

ሹምባሹ ዋርካው ሥር በቅሎውን አቆመና ሊወርድ እግሩን በሰፊው አነሣ። ችሎቱ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ምንም አልሆነም። ወረደ። ሱሪዬ ክስ አለበት ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት አለ፤ ፊቱ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። ግራዝማች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ዙርልኝ" አሉት።

ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፈው ሹምባሽ፣ እንደ ሙሽራ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ተጠጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ተመካከሩ። የተቀደደበት ቦታ ጠፋ። ጨርቁን የማውቀው እኔ ነኝና ግባና እይ ተባልኩ። ተንበርክኬ አየሁ፤ በሕይወቴ ለአንድ ሱሪ እንደዚያ ቀርቤ አላውቅም። ከጭኑ መሐል አንድ ቁራጭ ጨርቅ ገብቶ ሱሪው ሰፍቷል፤ ዳሩ በዚያው መልክ ክር በጥልፍ ተይዟል። መርፌው የት ገብቶ የት እንደወጣ አይታወቅም። ስፌቱ ላይ ይሁን ጨርቁ ላይ፣ ያንን ካሁን በኋላ የሚያውቅ ሰው የለም አልኩ።

ሹምባሹ ከበቅሎ ላይ እንደዚህ ተመችቶት ተቀምጦ እንደማያውቅ ነገረን። ሐሙሲት፣ አትጠገብ የምትባል ጥልፍ ጠላፊ ናት የሠራችለት። ጨርቁም ደግ ነው አለና ወደ ሐጂ ዞሮ፣ ከዚሁ ዓይነት ሌላ ሱሪ የሚሆን ቁረጡልኝ አላቸው። የሐጂ ትከሻ ከፋሲካ ጀምሮ የተሸከመውን ሲያወርድ አየሁት። ወዲያው ተነሡና በሰው ሁሉ ፊት፣ የካሴ ስፌት ጥሩ ነበር፣ ያለ ጥፋቱ ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ ይመለስና ዓመቱን ይሙላ፣ ልብሱንም እሰጠዋለሁ አሉ።

ያንን ሁሉ መንገድ የሄድኩት፣ ያንን ሁሉ በግ ያረድኩት ይህችን ቃል ፍለጋ ነበር። ተነገረች። የሰማት ግን የለም። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ሹምባሹን ከበው፣ ይህች አትጠገብ ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቁታል። ግራዝማች ራሳቸው የእጀ ጠባባቸውን ክርን እያሳዩት ነበር።

ፍርዱ አጭር ሆነ። ተረቺ የለም፤ ተረቺ ከሌለ በግም ወይፈንም የለም። አያ ጎበዜ ስለ በቅሎው ሊያነሣ ሲል፣ ግራዝማች የማን በቅሎ እንደሆነ ጠየቁት፤ ተቀመጠ። ማሩ ግን አይቀርም፣ ዳኝነት ደረቁን አይወጣም አሉና ከሁለታችን አንድ እንስራ አስመጡ። ማር መቼም የማንም ሃይማኖት አይከለክለውም። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ዳኛ፣ ሽማግሌ፣ ሹምባሽ፣ ጠበቃ፣ ሁላችንም እስከ ሰፈፉ ዋርካው ሥር በላን። ዝናቡ እዚያው ያዘን፤ ማንም ሊሄድ አልቸኮለም። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ያለ ፍርሃት ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ በረንዳዬ ላይ ተመለስኩ። ስሜም ተመለሰ። ያልተመለሰው ገበያው ነው። የሱሪው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ኖሮ፣ የደብረ ታቦር ሰው የተቀደደውን ብቻ ሳይሆን ያልተቀደደውንም ይዞ ሐሙሲት ይወርድ ጀመር። ለክሱ ቤሳ ያላወጣችው ሴት ክሱን አሸነፈች። እኔና ሐጂ ባዶ በረንዳ ላይ ተፋጠን ከረምን፤ መጨረሻ ላይ ሐጂ፣ "ተነሥ፣ ሄደን እንያት" አሉኝ።

የሐሙሲት ገበያ ቀን ነው የደረስነው። አትጠገብ ከአባቷ ደጃፍ ተቀምጣ የቀሚስ ዘርፍ ትጠልፋለች፤ ቀና አላለችም። ባሏን ፈትታ የተመለሰች ሴት ናት። የጋራ ንብረቱን እንዴት ተካፈላችሁ ብዬ ኋላ ስጠይቃት፣ ትቼለት ወጣሁ፣ ከሙግቱ መተዉ ረከሰኝ ነው ያለችኝ። ሐጂ ደብረ ታቦር መጥታ እንድትሠራላቸው ጠየቋት። የእኛን ክስ ሰምታለች፤ ያልሰማ አልነበረም።

"እመጣለሁ" አለች መርፌዋን ሳታቆም። "ግን ቢያባርሩኝ እርስዎን የምከስበት ማርም በግም የለኝም። ስለዚህ የዓመቱን አስቀድመው ይስጡኝ።"

ሐጂ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ እሺ አሉ። ሌላስ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት፣ ያኔ ቀና ብላ እኔን አየችኝና፣ "ይህ ሰውዬ የእኔን ስፌት እንዳይነካብኝ" አለች።

እንዲህ ሆኖ እሷ መጣች፤ ሥራውም መጣ። እሷ ከመኪናው አጠገብ፣ እኔ ከእሷ በታች፤ እቆርጣለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ክር አቀብላለሁ። የረታሁት ይህንን ነው። መከፋት ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እግሬ ይፈጥን ነበር።

ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሐጂን ሽማግሌ ሆነው ሐሙሲት እንዲሄዱልኝ ለመንኳቸው። ከአንድ ቄስ ጋር ሄዱ። የአትጠገብ አባት፣ ይህ ልጅ እንዴት ያለ ሰው ነው ብለው ሲጠይቁ ቄሱ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐጂ ግን ቀደሟቸው።

"አንድ ጊዜ ከሶኛል፤ ጥሩ ሰው ነው" አሉ።

ጣሊያን ወጣ። ሹምባሹ ተነፋነፉን አውልቆ መጣና የአርበኛ ልብስ ስፉልኝ አለ። ሰፋንለት። እሱን ክሰሱ የሚሉን አልጠፉም ነበር፤ እኔና ሐጂ ግን ተያይተን ሥራችንን ቀጠልን። ሐጂ ካለፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲቀበሩ ከልጆቻቸው ቀጥሎ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ከአትጠገብ ጋር ግን አሁንም አለን። በዚህ ሁሉ ዘመን በቤታችን ለክስ የሚበቃ ነገር ታጥቶ አያውቅም፤ ዋርካ ቢኖርና ቀጠሮ ቢሰጠኝ እኔም የምናገረው ነበረኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ጋቢዬን ሳትጠይቀኝ ለልጅ ልጇ ሰጥታብኛለች። ነገሩን ላነሣ ስል፣ እኔ ሳላውቅ ባለፈው ሳምንት ታርቀንበት እንደነበር ነገረችኝ። ይቅርታዬንም እንደ ዓመቱ ደመወዟ አስቀድማ ወስዳለች ማለት ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልክሰሳት?